ከእኔ ቤት ነው የሄደባችሁ

ገርጂ፣ ጥቅምት 1992 ዓ.ም.

ውድ ፈሂማ፣

ባለቤትሽ ሐሩን ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ በመጣበት አጋጣሚ በደጄ አልፎ ሰላምታሽን አደረሰኝ። ኮምቦልቻ ላይ እንደገና ዶሮ መጀመርሽን፣ ከገበያ የገዛሻቸው ቄቦች ላባቸውን እየነጩ ማስቸገራቸውን፣ «አመዱን እዚህም እንደ ገርጂው ላድርገው ወይ?» ብለሽ መጠየቅሽን ነገረኝ። መልሱን በቃል ልልክልሽ ጀምሬ ነበር። ሐሩን ግን ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ከከተማ ሳልወጣ ይጠፋብኛል፤ ይጻፉልኝ» አለኝ። ነገ ጠዋት ስለሚነሣ ዛሬ እጽፍልሻለሁ።

እንደ አስተማሪ ልማዴ ከጥያቄሽ ልጀምር። አዎ፣ እንደ ገርጂው አድርጊው። አመዱ የእንጨት አመድ ይሁን፤ ፌስታልና ቆሻሻ የተቃጠለበትን አትንኪው። በደንብ የቀዘቀዘና በወንፊት የተነፋ ይሁን። እርጥብ አመድ የዶሮ ቆዳ ይልጣልና ደረቅነቱን በእጅሽ አረጋግጪ። ድኝ ካገኘሽ በጥቂቱ ቀላቅዪበት፤ ካላገኘሽም አመዱ ብቻውን ይሠራል፣ ዝግ ይላል እንጂ። ዶሮዋን እግሮቿን ይዘሽ ስትዘቀዝቂያት ላባዋ በራሱ ይከፈታል። በመቀመጫዋ ዙሪያ፣ በክንፎቿ ሥርና በጭኖቿ መካከል አመዱን ቆዳዋ ጋ እስኪደርስ ድረስ በጣትሽ እሺው። ዓይኗን ጠብቂ፤ ያንቺንም አፍና አፍንጫ በሻሽሽ ሸፍኚ።

ኮምቦልቻ ከገርጂ ስለሚሞቅ የቅማሉ እንቁላል ቶሎ ይፈለፈላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ከሳምንት አታሳልፊው። አመድ የሚገድለው የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ ላባው ሥር ተጣብቆ የቀረውን እንቁላል አይነካውም። ሁለተኛው ዙር ከቀረ የመጀመሪያው ከንቱ ድካም ነው። ቆጡን ደግሞ ለብቻው አክሚው። ቅማል ከዶሮዋ ላይ አይወርድም። በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ ማታ ወጥቶ ደም የሚመጥ ሌላ ተባይ ግን አለ፤ የተቃጠለ ዘይት የምንቀባው ለእሱ ነው።

ጥያቄሽ ተመለሰ። እኔ ግን ብዕሬን አላስቀምጥም። ባለፈው ሰኔ ዕቃችሁ አይሱዙ ላይ ሲጫን የአልጋችሁን አንድ ጫፍ ይዤ ነበር፤ ስትሄዱም «በሰላም ግቡ» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሾፌር መሪ ይዞ በሚጣራበት ሰዓት የሚነገር ሆኖ ስላላገኘሁት ተውኩት። አሁን ወረቀቱም ጊዜውም አለኝ።

በጦርነቱ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ሐሩን የሚነዳውን የጭነት መኪና ለባለንብረቱ አስረክቦ ቤት የዋለበትን ክረምት ታስታውሺያለሽ። ከዚያ ሥራው ለእናንተ የተረፈው አንድ የተሰነጠቀ የኋላ ጎማና አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ብቻ ነበር። ሐሩን በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ አንቺ ዶሮ ታረቢያለሽ። ግቢሽ ሲጠብብሽ ዶሮዎቹን የርቢ ብለሽ ለጎረቤት ማካፈል ጀመርሽ። ዶሮዋ የአንቺ ሆና ትቀራለች፤ ጥሬና ማደሪያ የሚሰጣት ግን ጎረቤቱ ነው፤ ጫጩትና እንቁላሉ እኩል ይካፈላል። በዚህ ዓይነት አንዷ እትዬ ሣባ ቤት፣ አንዷ ባለሱቁ ኤርሳዶ ቤት ገባች። ዛጎልማዋን ለእኔ ሰጠሽኝ። አንቺ ወሎ ተወልደሽ ያደግሽ ሙስሊም ነሽ፣ እትዬ ሣባ የማርያም ጽዋ ጠጪ፣ ኤርሳዶ የሆሳዕና ሰው። በዓል ሲመጣ የአንዱ ቤት ሥጋ ወደ ሌላው ቤት አይሄድም። እንቁላል ግን አጥር አያውቅም። እኛን ጎረቤቶችሽን መጀመሪያ ያገናኘን እሱ ይመስለኛል።

ከየቤቱ የተሰበሰበውን እንቁላል ሐሩን በካርቶን አድርጎ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ወዳለው የገሰሰ ኬክ ቤት ይወስድ ነበር። ገሰሰ ከእናንተ ሌላ አቅራቢ ነበረው፤ እናንተ ግን ከእሱ ሌላ ገዢ አልነበራችሁም። የቤት ኪራዩም፣ የልጃችሁ የሳጂዳ ትምህርት ቤትም፣ ሽሮና ዘይቱም በዚያ ካርቶን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ኅዳር ላይ እንቁላሉ ቀነሰ። ያቀፈችው ቀይ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ተነሣች፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ጠወለገ፣ ሰውነቷ ቀለለ። አንድ ቀን ብብትሽ ሥር ይዘሻት መጣሽ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ይዩልኝ። ዓይን በልቷታል ይሉኛል።»

«ዓይን ላባ አይበላም» አልኩሽና ዘቅዝቄ የመቀመጫዋን ላባ ገለጥኩት። የገለባ ስብርባሪ የሚመስሉ ነገሮች ብርሃን ሲነካቸው ተበታትነው ሸሹ። በላባው ሥር እንቁላላቸው እንደ ነጭ እህል ተቋጥሯል።

«ውይ አላህ! ቅማል!» ብለሽ ልትለቂያት ነበር።

«የዶሮ ቅማል ነው። ሰው ላይ አይኖርም።»

«ታዲያ እኔን ምን ሆኖ ነው ራሴን የሚበላኝ?»

«ስላየሽው ነው። እኔንም እየበላኝ ነው።»

የዚያን ዕለት አመድ ነፋን፣ ጉዝጓዙን አውጥተን አቃጠልን። ሐሩን ጎማውን በአግድሙ ሰንጥቆ አፈርና አመድ ሞላበት፤ ዶሮዎቹ ገብተው ይታጠቡበት ጀመር። «ይህ ጎማ አሰብ ስንቴ ወርዶ ተመልሷል!» አለ። «አሁን እንደ ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ከዶሮ ጋር ይውላል።» መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ በእኔ ቢስቅም ደስ አለኝ።

ሁለተኛውንም ዙር በጊዜው አደረግሽ። ዶሮዎቹ ጠሩ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ቅማሉ ተመለሰ። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ ዛጎልማዋን ገለጥኳት፤ እሷም ላይ አለ። ዶሮዎቹ ቀን ቀን አጥር እየዘለሉ ከቀድሞ ጓደኞቻቸው ጋር ስለሚጭሩ፣ አንቺ ስታራግፊ ጎረቤት ይመልስልሻል።

«ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ካላራገፈ አይሆንም» አልኩሽ። «ሁለተኛውም ዙር እንዲሁ በአንድ ቀን።»

ምን እንዳሰብሽ ገብቶኛል። ሁሉም ቤት እንዲያራግፍ ሁሉም ቤት ማወቅ አለበት፤ ካወቀ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። «ቅማላም» የሚባለው ስድብ ለዶሮ የወጣ አይደለም። ለሰው ነው፤ አንዴ የተለጠፈበት ቤት ደግሞ ቶሎ አይለቀውም። ወሬው ከገርጂ ሩዋንዳ ለመድረስ አንድ ታክሲ ይበቃዋል፤ ገሰሰ ከሰማ ካርቶኑ ባዶውን ይቀራል።

በማግስቱ የሐሩን ጓደኛ ሰዲቅ፣ እሱም እንደ ሐሩን ሥራ ያጣ ሾፌር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄት ይዞ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ከጥጥ እርሻ ነው ያመጣሁት» አለ። «በአንድ ሌሊት ያረግፈዋል። ማንም ሳያይ ነፋ ነፋ አድርጊባቸውና ተኚ።»

«ስሙ ማን ነው?» አልሽው።

«ስሙ ምን ያደርግልሻል? መድኃኒት ነው።»

ወደ እኔ ዞርሽ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«አላውቀውም» አልኩሽ። «ጥጥ አይበላም፤ እንቁላል ይበላል። ምን ያህሉ እንቁላሉ ውስጥ እንደሚገባ ልነግርሽ አልችልም።»

ሐሩን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ገና እየደረሰ ነው። ገሰሰ ከወትሮው እጥፍ ይፈልጋል። የጋሼ አመድ እስኪሠራ ሰውዬው ይጠብቀናል?»

አንቺ ጥቅሉን ከሰዲቅ እጅ ተቀበልሽና በሁለት ጣትሽ ጫፍ ያዝሽው። «ሰዲቅ፣ ልጆችህ እንቁላል ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«ይህ የተነፋባት ዶሮ የጣለችውን ነገ ብልክልህ ጠብሰህ ትሰጣቸዋለህ?»

ሰዲቅ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ጥቅሉን ወስዶ ኪሱ ከተተው። «ወላሂ ሐሩን፣ ይህቺን ሴትዮ ዳኛ ማድረግ ነበር እንጂ ዶሮ ማስረባት!» ብሎ ወጣ።

«እሺ፣ ዱቄቱም ይቅር» አለ ሐሩን። «ግን ለሰው አትናገሪ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።»

«ቅማሉም'ኮ ብብቷ ሥር ነው ያለው» አልሽና ወደ ውስጥ ገባሽ። ሐሩን ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው።

በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ላይ ነበርን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እኔም ጀሪካኔን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። ተራሽ ሊደርስ ሲል ከሰልፉ ወጣሽ። ጀሪካንሽን መሬት ላይ አስቀመጥሽና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገርሽ።

«ጎረቤቶቼ፣ ዶሮዎቼ ቅማል አለባቸው። የርቢ የሰጠኋችሁም ላይ አለ፤ ከእኔ ቤት ነው የሄደባችሁ። ሁላችንም በአንድ ቀን ካላራገፍን አይለቅም። አመዱን እኔ አዘጋጃለሁ።»

የቧንቧው ውኃ ጀሪካን ሲሞላ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ እትዬ ሣባ ነጠላዋን አጣፋች።

«እኔ ቤት? አንቺ ሴትዮ! ባልሽ ሥራ ቢፈታ አንቺ ወሬ ሥራ ያዝሽ? እኔ ቤት ቅማል ገብቶ አያውቅም!»

«እርስዎ ቤት አላልኩም እትዬ። ዶሮዬ ላይ ነው ያልኩት። ዶሮዋ የእኔ ናት።»

ኤርሳዶ ከሱቁ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ሰሞኑን የሚያሳክከኝ ይኸ ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ‹ምን ዓይነት ሳሙና ነው የገዛሽው› እያልኩ ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ!»

«ሳሙናውን የሸጥክላት አንተ ነህ!» አለችው አንዲት ሴት፤ ሰልፉ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ አንዱ ክንዱን አከከ፣ ሌላዋ አንገቷን፣ ከዚያ ሁሉም። የሰው ላይ ቅማል እንዳልሆነ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም፤ እኔም እያከክሁ ነበር።

እትዬ ሣባ ግን አልሳቀችም። «ዶሮሽን መጥተሽ ውሰጂልኝ።»

«እወስዳለሁ። መጀመሪያ ግን አብረን እናራግፋት፤ በእርስዎ ዶሮዎች ላይ ትታባቸው እንዳትሄድ።»

ከሰልፉ መካከል አንድ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ገሰሰ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«ዛሬ እነግረዋለሁ» አልሽ። ያን መልስ ከቤትሽ አስበሽው እንዳልመጣሽ ፊትሽ ላይ አየሁ። ከተናገርሽው በኋላ ግን ወደ ኋላ አላልሽም።

ብቻዬን ብሄድ ልለምነው የመጣሁ ይመስለዋል ብለሽኝ አብሬሽ ሄድኩ። ገሰሰ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከመስታወቱ ኋላ ቆሟል። እስክትጨርሺ አዳመጠሽ።

«እንቁላሉ ላይ አለ?»

«የለም። ዶሮዎቹ ላይ ነው። እስኪጠሩ ድረስ እንቁላሉ ያንሳል። ምክንያቱን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ድምፅሽን ቀንሺ እህቴ። ሰው ኬክ እየበላ ነው።» ወደ ጠረጴዛዎቹ ተመለከተና፣ «ለጊዜው ይቅርብኝ። በክፉ አትይዥብኝ» አለ።

«እሺ» አልሽ። ከኋላ ክፍል ባዶ ካርቶኖችሽን አስወጣሽ፣ አቧራቸውን አራገፍሽ፣ ይዘን ወጣን። መንገዱ ግማሽ ላይ ወደ እኔ ዞርሽ።

«ጋሼ፣ ሐሩንን ምን ልበለው?»

«የሆነውን።»

«የሆነውንማ ካርቶኑን ሲያይ ያውቀዋል። እኔን የጨነቀኝ የማፍጠሪያው ነገር ነው።»

በዚያ ዓመት ረመዳንና የገና ጾም ተደራርበው ነበር። የሰፈሩ ክርስቲያን ስለሚጾም እንቁላል የሚገዛ ጎረቤት አልነበረም፤ ጾም የማይነካው ገዢ የቦሌ ኬክ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በሩን ዘግቶብሻል። ያን ጊዜ ምን እንደበላችሁ አልጠየቅሁሽም፤ ብጠይቅሽም አትነግሪኝም ነበር።

ጎረቤቱ የተስማማበት የማራገፊያ ቅዳሜ ደረሰ። ኤርሳዶ ከዳቦ ቤት አመድ በጆንያ አስጭኖ መጣ። አንቺ ቀኑን ሙሉ እየጾምሽ ከግቢ ግቢ ትዞሪያለሽ፤ እኔ ወንፊት ይዤ እከተልሻለሁ። የእትዬ ሣባን በር ስታንኳኪ ቶሎ አልተከፈተም። ሲከፈት ግን ዶሮዋን ራሷ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች።

«እኔ እይዛታለሁ፣ አንቺ እሺያት። እኔ እጄን አላስነካም!»

ብዙም ሳይቆይ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ራሷ ታሽ ነበር፤ «ክንፏ ሥር ረሳሽ! እዚህም አለ! ምን ዓይነት አራጋፊ ነሽ?» እያለች አንቺኑ ትቆጣሻለች። ዶሮሽን ውሰጂ ያለችውን ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

ሐሩን ከኬክ ቤቱ ከተመለስን ወዲህ እምብዛም አያናግርሽም ነበር። ያን ቀን አሮጌ ብሩሽ ይዞ የየቤቱን ቆጥ በተቃጠለ ዘይት ሲቀባ ዋለ። ሲጨርስ በአጠገብሽ እያለፈ ቆመ።

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?» አለሽ።

ነገርሽው። ራሱን ነቀነቀና ብሩሹን ሊያጥብ ሄደ። ይቅርታም፣ ወቀሳም ከዚያ በላይ አልተነገረም፤ እኔም ቀሪውን አመድ ወደ መንፋቴ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ዙር ካለፈ በኋላ፣ ገና ሲቃረብ፣ ገሰሰ ራሱ መጣ። እኔ ከአጥሩ በዚህ በኩል ነበርኩና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዶሮዎቹ ጎማው ውስጥ አፈር ሲያቦኑ ቆሞ አያቸው።

«ከሌላ ቦታ ያመጣሁት ግማሹ ተበላሽቶብኛል» አለ። «ለበዓሉ ብዙ እፈልጋለሁ። ቅማሉ ጠፍቷል አይደል?»

አጠያየቁ መልሱን ይዞ የመጣ ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረሽ። ሐሩን ከበሩ ደፍ ላይ ተነሥቶ ወደ አንቺ ያያል።

«ጨርሶ አልጠፋም» አልሽ። «ሌሎቹ ላይ አጣሁት። በገብስማዋ ዶሮ ክንፍ ሥር ግን ዛሬ ጠዋት አንድ አየሁ።»

«አንድ?»

«አንድ ነው ያየሁት። ያላየሁትን አላውቅም።»

ፈሂማ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት ወንፊቴን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ልጆችን «የተመኘኸውን ሳይሆን ያየኸውን ጻፍ» ስል ኖሬያለሁ፤ አብዛኞቹ መጽሐፉ ላይ ያለውን መልስ ገልብጠው ያመጡልኝ ነበር። ያን ያህል ነገር ተንጠልጥሎበት፣ ረሃብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ እንዲያ ያለ መልስ ሲሰጥ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አመድ ማዘጋጀቱን እኔ ላስተምርሽ እችላለሁ። ይህኛውን ግን ከእኔ አልተማርሽም፤ እንዴት እንደሚማሩትም አላውቅም።

ገሰሰ የካፖርቱን አቧራ አራገፈ።

«ከዚያኛው ሰው ስገዛ ስለ ዶሮዎቹ ጠይቄው አላውቅም» አለ። «ቢጠየቅም እንዲህ አይመልስልኝም።» ከዚያ ወደ ሐሩን ዞረ። «እኔ ካርቶን አልያዝኩም። ነገ በጠዋት አንተ ይዘህ ና።»

ሐሩን «እሺ» አለ። ሲሸኘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄደ። አንቺ ግን ቀድመሽ ገብስማዋን ይዘሽ ክንፏን ገልጠሽ ነበር።

ሐሩን በጅቡቲ መንገድ ሥራ አግኝቶ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄዱ ሰፈሩ ሁሉ አዝኗል። ያኔ የዋጥኩትን አሁን ልጻፈው፦ ከአንቺ ጋር አጥር ተጋርቼ በመኖሬ ክብር ይሰማኛል። ሐሩንም ይህን ሳያነብ እንዳያደርስልሽ ነግሬዋለሁ፤ ባል ሚስቱ የምትከበርበትን ምክንያት ከጎረቤት ቢሰማ አይጎዳውም።

ረመዳን ሳይገባ ኮምቦልቻ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። አውቶቡስ ወገቤን እንደሚያደክመው አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ አድሬ እመጣለሁ። ሳጂዳን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ። የኮምቦልቻ ጎረቤቶችሽን ገና አላውቃቸውም፤ ግን ዕድለኞች መሆናቸውን እስክመጣ አትንገሪያቸው፤ ራሳቸው ይድረሱበት።

አክባሪ ጎረቤትሽ፣
መኩሪያ